ሳይቃጠል በቅጠል፤ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማና የአደጋ ጊዜ ዕቅዷ



አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ከጆሯችን ስላልተለየ፣ ሰምተነው እናልፋለን እንጂ ቆም ብለን አንመረምረውም። ቃሉ ግን ሁለት ጥያቄዎችን በውስጡ ይዞአል። ቅጠሉን ይዞ የሚጠብቅ ማን ነው? ቅጠሉ እርጥብ እንደሆነና እንዳልደረቀስ በየጊዜው እየሄደ የሚያይ ማን ነው? በመንደር የሚኖር ሰው ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ ራሱ ነው። በከተማ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በከተማ ዕቅዱን የሚጽፍ አንዱ፣ ገንዘቡን የሚፈቅድ ሌላው፣ ሥራውን የሚሠራ ሦስተኛው ነው። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ካልተያዩና ከበላያቸው ሆኖ የሚጠይቃቸው ከሌለ፣ ዕቅዱ ከማኅደር ውስጥ ተኝቶ ሳለ ከተማው ይነድዳል።

ዛሬ ለመናገር ያሰብነው ስለዚሁ ነው። የከተማ አስተዳደር በአደጋ ጊዜ ዕቅድ ላይ ሊኖረው ስለሚገባው ቁጥጥር፣ ከአንድ ከተማ ታሪክ ምሳሌ እንወስዳለን። ከተማይቱ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኘው ሳን ፍራንሲስኮ ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ግን ጥያቄው አዲስ አለመሆኑን በአጭሩ ማመልከት ያስፈልጋል። በጥንታዊት ሮማ ቤት ሲቃጠል ክራሱስ የተባለው ባለጸጋ እየመጣ የሚነድደውንና በአጠገቡ ያለውን ቤት በርካሽ ዋጋ ይገዛ እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ ጽፎአል። የአንዱ መከራ ለሌላው ገበያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ቄሣር አውግስጦስ በ6 ዓ.ም. ከተማዋን የሚጠብቁ ሰባት ጭፍሮች አቋቁሞ ለአሥራ አራቱ የከተማዋ ክፍሎች ሲያከፋፍላቸው፣ እያንዳንዱ ጭፍራ ሁለት ሁለት ክፍል ደረሰው። ሌሊት እየዞሩ እሳት ይጠብቁ ነበር፤ ከበላያቸውም ተጠያቂ የሆነ አንድ አዛዥ ነበረባቸው። ቁም ነገሩ ከዚህ ላይ ነው። የአደጋ ጥበቃ የግል ሰው ንግድ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ኃላፊነት ሆነ።

በለንደንም በ1666 በመስከረም ወር በአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣው እሳት 13,200 ቤቶችን፣ 87 አብያተ ክርስቲያናትንና ታላቁን የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል አጥፍቶአል። በዚያን ጊዜ የከተማው ከንቲባ የነበረው ሰር ቶማስ ብለድወርዝ በእሳቱ መንገድ ላይ ያሉትን ቤቶች አፍርሶ ቃጠሎውን ለማገድ ሥልጣን ነበረው፤ ነገር ግን የፈረሰውን ቤት ዋጋ ማን ይከፍላል ሲል አመነታ። ለማፍረስ ቁርጥ ትእዛዝ የመጣው ከንጉሡ ነው፤ እርሱም ዘግይቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1668 የከተማው ጉባኤ ለንደንን በአራት ክፍል ከፍሎ በእያንዳንዱ ክፍል 800 የቆዳ ባልዲና 50 መሰላል እንዲቀመጥ ደነገገ። ባልዲውን በቁጥር መወሰኑ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በቁጥር የተወሰነ ነገር ሊቆጠር ይችላል፤ ሊቆጠር የሚችል ነገር ደግሞ ሲጎድል ይታያል። በጥቅሉ «በቂ ዝግጅት ይደረግ» ተብሎ የተጻፈ ዕቅድ ግን መጉደሉ የሚታወቀው በአደጋው ዕለት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ እንመለስ።

ይህች ከተማ ወርቅ ተገኘ በተባለ ጊዜ ከየአገሩ በመጣ ሕዝብ በድንገት የተሞላች ናት። ቤቶቿ በእንጨትና በሸራ የተሠሩ ስለነበሩ፣ ከ1849 መጨረሻ እስከ 1851 አጋማሽ ድረስ ባለው ጥቂት ጊዜ ውስጥ ስድስት ጊዜ በታላቅ ቃጠሎ ተመታለች። የከተማዋ ዓርማ ከእሳት ውስጥ የሚነሣው ፊኒክስ የተባለው ወፍ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሕዝቡ ከመከራው ተምሮ ከየመንገዱ መገናኛ በታች የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶችን ሠራ። ምንም እንኳ ሥራው ተራ ቢሆን ብልሃቱ ታላቅ ነበር፤ እሳት በተነሣበት ሰፈር ሁሉ ውኃ ከእግር በታች ይገኛልና።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ የግል ኩባንያ ከከተማው ውጭ ከሚገኙ ሐይቆችና ግድቦች ውኃ እየሳበ በቧንቧ ማከፋፈል ጀመረ። ቧንቧው ሲገባ ጉድጓዱ ተረሳ። ብዙዎቹ የመንገድ ጉድጓዶች ያለ ጥገና ቀሩ፤ አንዳንዶቹም ደረቁ። አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ክፉ አላሰበም፤ ማንም ጉድጓዱ ይጥፋ ብሎ ትእዛዝ አልጻፈም። አዲሱ ነገር ስለ ሠራ አሮጌው ተተወ እንጂ። በመሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች ሁላችን የምናውቀው የአሠራር ጉድለት ይህ ነው። አንድ ነገር ሲሻር ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ሲረሳ ግን የሚጽፍለት የለም።

በከተማዋ የእሳት አደጋ መከላከያ አለቃ ሆኖ ከ1893 ጀምሮ ያገለግል የነበረው ዴኒስ ሳሊቫን ይህን አልረሳም። የውኃው ቧንቧ የሚመጣው መሬት በሚንቀጠቀጥበት አገር በኩል መሆኑን፣ እርሱ ከተሰበረ ደግሞ ከተማዋ ሌላ ውኃ እንደሌላት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ደጋግሞ ጠየቀ። አንደኛ፣ አሮጌዎቹ ጉድጓዶች ተጠግነው ውኃ እንዲሞሉ፤ ሁለተኛ፣ ከተማዋን በሦስት ወገን ከከበበው ባሕር ጨው ውኃ እየሳበ ለእሳት ማጥፊያ ብቻ የሚያገለግል ልዩ የቧንቧ መረብ እንዲሠራ። ገንዘብ የሚፈቅዱት ሹማምንት ግን ገንዘቡን አልፈቀዱም። ስለ እነርሱ በትክክል ለመፍረድ ያህል፣ በጊዜው ከተማዋ መንገድም ትምህርት ቤትም ፍሳሽ ማስወገጃም ያስፈልጋት እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። የዛሬው ችግር ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ የነገው ችግር ዝም ያለ ነው። በባጀት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የሚጮኸው ይሰማል።

የማስጠንቀቂያው ድምፅ የአለቃው ብቻ አልነበረም። በጥቅምት ወር 1905 የአሜሪካ የእሳት አደጋ መድን ሰጪዎች ማኅበር ባለሙያዎች ከተማዋን መርምረው ሪፖርት አቅርበው ነበር። የሪፖርቱ ሐሳብ ባጭሩ፣ በእንጨት ቤቶች ብዛት፣ በመንገዱ ዳገትነትና በነፋሱ ብርታት የተነሣ ከተማዋ እስካሁን አለመቃጠሏ ራሱ ከልማድ የወጣ ነገር ነው፤ ይህም የሆነው በእሳት አጥፊዎቿ ትጋት ነው፤ ነገር ግን የማይቀረውን ለዘለዓለም ሊያስቀሩት አይችሉም የሚል ነበር። ሪፖርቱ ታተመ፤ ተነበበ፤ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 18 ቀን 1906፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠች።

ከሁሉ አስቀድሞ የሆነው ነገር አንባቢን የሚያሳዝን ነው። አለቃ ሳሊቫን በእሳት አደጋ ጣቢያው ፎቅ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ከጎኑ ያለው ረጅም ሆቴል ጉልላት ተንዶ ጣሪያውን በሳው። አለቃው በተከፈተው ቀዳዳ ወደ ታች ወድቆ በጽኑ ቆሰለ፤ ከአራት ቀን በኋላም ሞተ። ከተማዋ ከሁሉ ይልቅ በምትፈልገው ሰዓት፣ ዕቅዱን በራሱ ውስጥ ይዞት የነበረውን ሰው አጣች። ከዚህ ላይ አንድ ትምህርት እናገኛለን። በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ያለ ዕቅድ፣ ሰውየው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

የአደጋ ማስታወቂያው ቴሌግራፍም ባትሪዎቹ ስለተሰባበሩ ዝም አለ። የእሳት አጥፊዎቹ ፈረሶችና በእንፋሎት የሚሠሩት ፓምፖቻቸው ከሞላ ጎደል ደኅና ነበሩ፤ ሰዎቹም ወዲያው ወጡ። የቧንቧውን አፍ ሲከፍቱት ግን ጥቂት ውኃ ጠብ ብሎ ቆመ። ከውጭ ውኃ የሚያመጡት ታላላቅ ቧንቧዎች ተሰባብረዋል፤ በከተማው ውስጥ ያሉት ዋና ቧንቧዎች ከ300 ባላነሰ ቦታ ተቆርጠዋል፤ ወደየቤቱ የሚገቡት ቀጫጭኖቹም ከ23,000 በላይ በሆነ ቦታ ተበጥሰዋል። የቀረው ውኃ በየፍርስራሹ ውስጥ እየፈሰሰ ባከነ። ሳሊቫን የፈራው ነገር እርሱ እንዳለው ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ በብዙ ቦታ እሳት ተነሣ። ከእነዚህ አንዱ፣ ጢስ መውጫው በነውጡ በተሰነጠቀ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ቁርስ ለመሥራት ምድጃ በማንደዷ የተነሣ ሲሆን፣ ሰፊ ሰፈር አቃጥሎአል። ውኃ ስለጠፋ ወታደሮችና የከተማው ሰዎች በድማሚት ቤት እያፈረሱ የእሳቱን መንገድ ለመዝጋት ሞከሩ። ግን ይህን ሥራ አስቀድሞ ያጠና፣ የትኛው ቤት በምን ዓይነት ፈንጂ እንደሚፈርስ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ፍንዳታው ራሱ ብዙ ጊዜ አዲስ እሳት እየጫረ ቃጠሎውን አባባሰው። ጄኔራል ፈንስተን የጦር ሠራዊቱን ወደ ከተማው ያስገባው የጦር ሕግ ሳይታወጅ ነበር። ከንቲባው ዩጂን ሽሚትስ ደግሞ ዘራፊ ሁሉ በጥይት እንዲመታ አወጀ፤ ይህን ለማዘዝ ግን ሕጋዊ ሥልጣን አልነበረውም። ማን ማንን ያዝዛል የሚለው ጥያቄ በሰላሙ ጊዜ መልስ ስላላገኘ፣ በመከራው ጊዜ እያንዳንዱ ባለ ሥልጣን ለየራሱ መለሰው።

እሳቱ ሦስት ቀን ያህል ነደደ። 28,000 ያህል ሕንፃዎች ጠፉ። 400,000 ያህል ከሚሆነው ሕዝብ ውስጥ 225,000 ያህሉ ያለ ቤት ቀረ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የፈጀውና ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ፈረሰ። የልደትና የሌላውም ጉዳይ መዛግብት ብዙዎቹ ተቃጠሉ፤ በዚህም ምክንያት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ማን በከተማዋ እንደተወለደና ማን ከውጭ እንደመጣ መለየት አስቸጋሪ ሆኖ ኖረ። መዝገብ ቤት ውስጥ የምትሠሩ አንባብያን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። መዝገብ ሲጠፋ የሚጠፋው ወረቀት አይደለም፤ የሰው መብት ነው።

የሞቱትም ሰዎች ቁጥር በጊዜው በጥቂት መቶዎች ተነገረ። ግላዲስ ሃንሰን የተባሉ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ስም በስም፣ ደብዳቤ በደብዳቤ እየለቀሙ ቈጥረው ቁጥሩ ከ3,000 የሚበልጥ መሆኑን አሳዩ። በመጀመሪያው ቁጥር ውስጥ በተለይ ድኾችና ቻይናውያን ነዋሪዎች ሳይቈጠሩ ቀርተው ነበር። አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ በትዕግሥት የሠራችው ሥራ ሙታንን ከመረሳት አድኖአል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ሁሉ ጥፋት መካከል ግን የዳኑ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ የዳኑበትም ምክንያት ዋናውን ነገር ያስረዳናል። አንደኛው የወደቡ ዳርቻ ነው። ፍሬድሪክ ፍሪማን የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ከጥቂት መርከበኞች ጋር ሆኖ በመርከብ ፓምፕ ከባሕሩ ውኃ እየሳበ የወደቡን አብዛኛውን ክፍል አተረፈ። ሁለተኛው ሚሽን የሚባለው ሰፈር ነው። ከኮረብታ ላይ አንድ የእሳት ማጥፊያ ውኃ መቅጃ ሳይሰበር ተገኘና፣ ነዋሪዎች ከባዶቹን ፓምፖች ወደ ዳገቱ እየገፉ ወስደው ከእርሱ በቀዳው ውኃ እሳቱን አስቆሙት። ያ የውኃ መቅጃ ዛሬም ቆሞአል፤ በየዓመቱ በሚያዝያ 18 ቀን ንጋት ላይ በወርቅማ ቀለም ይቀባል። እንግዲህ ውኃ በተገኘበት ቦታ ከተማው ዳነ፤ ውኃ በታጣበት ነደደ። ባሕሩ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከበር ላይ ነበር።

የከተማይቱ ምክር ቤትስ ምን ይሠራ ነበር? ይህ ጥያቄ በዓመቱ በ1907 መልሱ በፍርድ አደባባይ ተሰማ። የምክር ቤቱ አባሎች ከባቡርና ከስልክ ከጋዝም ኩባንያዎች ጉቦ መቀበላቸውን ራሳቸው አመኑ። የጉቦው ደላላ የነበረው ጠበቃ ኤብ ሩፍ ታሰረ። ከንቲባው ሽሚትስም ተፈርዶበት ከሥልጣን ወረደ፤ በይግባኝ ግን ፍርዱ ተሽሮለታል። ጉቦው ውኃውን አስቀረው ለማለት አንደፍርም፤ ይህን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ነገር ግን ሌላውን ሊጠይቅ የተሾመ ሰው እርሱ ራሱ በተሸጠ ጊዜ፣ የአለቃው ልመና የሚደርስበት ቅን ጆሮ ሊኖር እንደማይችል ማንም ይረዳዋል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ከተማዋ ከቃጠሎው በኋላ ነቃች። ሆኖም ዘግይቶም ቢሆን መንቃት ጨርሶ ካለመንቃት ይሻላል። በ1908 ሕዝቡ በድምፁ 5.2 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን የቦንድ ብድር ፈቀደ። በከተማው መሐንዲስ በማርስደን ማንሰን ዕቅድ መሠረት ሥራው ከ1909 እስከ 1913 ተሠራ። ከባሕር ጠለል ከ200 ሜትር በላይ በሆነ ኮረብታ ላይ 40 ሚሊዮን ሊትር ያህል የሚይዝ የውኃ ማጠራቀሚያ ተሠራ፤ ከእርሱም በታች ሁለት ሌሎች ታንኮች ተጨመሩ። ውኃው ያለ ሞተር በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ቢጎድል ከባሕር ጨው ውኃ የሚስቡ ሁለት የፓምፕ ጣቢያዎች አሉ። እነርሱም ቢቆሙ ሁለት እሳት አጥፊ ጀልባዎች ከወደቡ ውኃ ወደ መረቡ እንዲገፉ ተዘጋጁ። ይህም ሁሉ ቢበላሽ ከየመንገዱ በታች የጥንቶቹን የመሰሉ ጉድጓዶች ተሠርተው ውኃ ሞልተውባቸዋል። ቦታቸውም እንዳይረሳ በመንገዱ ላይ በጡብ ክብ ምልክት ተደረገባቸው።

ከሁለቱ ጀልባዎች አንዱ «ዴኒስ ሳሊቫን» ተብሎ ተሰየመ። በሕይወቱ ሳለ የነፈጉትን ነገር ከሞተ በኋላ በስሙ ጠሩለት። ክብር ነው፤ ግን ዘግይቶ የመጣ ክብር ነው።

የዚህ ሥራ ፈተና የመጣው ከ76 ዓመት በኋላ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1989፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ ሌላ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ማሪና በሚባለው፣ ባሕር ተደልድሎ በተሠራው ሰፈር ቤቶች ተደረመሱ፤ የጋዝ መስመር ተሰብሮ እሳት ተነሣ። በሌላው የከተማ ክፍል የልዩው መረብ አንዳንድ ቧንቧ ስለተሰበረ ውኃው ከታንኩ ፈስሶ አለቀ፤ የማሪናም የውኃ መቅጃዎች ደረቁ። የ1906 ታሪክ ሊደገም የቀረበ መሰለ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ሁለተኛ መስመር ነበር። «ፊኒክስ» የተባለችው እሳት አጥፊ ጀልባ ወደ ማሪና ደረሰች፤ ከባሕሩ የሳበችውን ውኃ በወፍራም የላስቲክ ቱቦ ወደ ሰፈሩ ላከች፤ የሰፈሩ ወጣቶችም ቱቦውን እየጎተቱ እሳት አጥፊዎቹን ረዱ። ያን ዕለት ነፋስ አልነበረም፤ ይህም ጠቀመ። እሳቱ ከዚያው ሰፈር ሳይወጣ ጠፋ። ተንቀሳቃሾቹን ቱቦዎችና የውኃ መቅጃዎች አስቀድሞ አስቦ ያዘጋጀው ፍራንክ ብላክበርን የተባለ የእሳት አደጋ መኮንን ነበር። ሳሊቫን ጠይቆ ያጣውን ብላክበርን ጠይቆ አገኘ፤ በ1906ና በ1989 መካከል ያለው ልዩነት በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም፤ ለእኛም ዋናው ትምህርት ከዚህ ይጀምራል። ልዩው መረብ ሲሠራ የከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል አሸዋማና ሰው የማይበዛበት ስለነበረ ቧንቧው ወደዚያ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ አሸዋ በቤት ተሸፈነ፤ መረቡ ግን ከሞላ ጎደል በቀድሞው ወሰኑ ቀረ። የ1913 ዕቅድ ለ1913 ከተማ ትክክል ነበር። ከተማው አደገ፤ ዕቅዱ ግን ባለበት ቆመ።

ይህን ያየውና የተናገረው ማን ነው? በካሊፎርኒያ ሕግ በየዓመቱ ከነዋሪው የሚመረጡ 19 ሰዎች በአንድ የመርማሪዎች ጉባኤ ተሰብስበው የከተማውን መሥሪያ ቤቶች ይመረምራሉ። ሹሞች አይደሉም፤ ተራ ነዋሪዎች ናቸው። መዝገብ ያያሉ፤ ኃላፊዎችን ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም የደረሱበትን ነገርና ምክራቸውን አሳትመው ያወጣሉ። ሕጉም በሪፖርቱ የተጠቀሰውን ክፍል ዝም እንዲል አይፈቅድለትም። የተመረጡ ሹማምንት በ60 ቀን፣ ምክር ቤቶች በ90 ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ነጥብ በጽሑፍ መልስ ለመስጠት ይገደዳሉ። የከተማው ምክር ቤትም በግልጽ ጉባኤ ኃላፊዎቹን ጠርቶ ያነጋግራል። ይህ ጉባኤ በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ምዕራቡ ክፍል ከመጪው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በፊት የእሳት ማጥፊያ መረብ እንዲዘረጋለት አጥብቆ አሳሰበ። በመጋቢት ወር 2020 ሕዝቡ 628.5 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ለአደጋ መከላከያ የሚውል ቦንድ በድምፁ ፈቀደ፤ ከዚህም ውስጥ 153.5 ሚሊዮኑ ለዚሁ የእሳት ማጥፊያ ውኃ መረብ የተመደበ ነው።

የ1905ን ሪፖርትና የ2019ን ሪፖርት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ሁለቱም በእውቀት የተጻፉ ናቸው፤ ሁለቱም አደጋውን በግልጽ ተናግረዋል። የመጀመሪያው ግን መልስ የሚሰጥበት ቀን አልተቈረጠለትም ነበር፤ ሁለተኛው ተቈርጦለታል። ከተማን የሚያድነው የሪፖርቱ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ሪፖርቱ ሲደርሰው መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው በስሙ ታውቆ መገኘቱ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሁሉ የተናገርነው ሩቅ አገር ያለውን ከተማ ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄዶ ተራውን ሲጠብቅ፣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀይ የእሳት ማጥፊያ ቆርቆሮ ተመለከተ። በአንገቱ ላይ የታሰረችው የምርመራ ካርድ ላይ የመጨረሻው ፊርማ የብዙ ዓመት ነበር። ከሥሩ ደግሞ የድሮ ማኅደሮች በጥንቃቄ ተደርድረው እስከ ጣሪያው ደርሰዋል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ትጉሃን ነበሩ፤ ጉዳዩንም በደግነት ፈጸሙለት። ነገር ግን ያችን ካርድ የሚያነብ ማን እንደሆነ በጠየቀ ጊዜ፣ አንዱ ወደ ሌላው አመለከተ፤ ሌላውም ፈገግ ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። እውነቱን ለመናገር፣ አቅራቢውም ወደ ራሱ ክፍል ተመልሶ የራሱን ቆርቆሮ ሲያይ የሚመካበት ነገር አላገኘም።

ስለዚህ ከሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ አራት ጥያቄዎችን ወስደን ወደ የጠረጴዛችን እንመለስ። አንደኛ፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅዳችን በአንድ አዋቂ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ነው ያለው ወይስ ሌላውም ያውቀዋል? ሁለተኛ፣ ዕቅዱ የሚቈጠር ነገር ይዞአል ወይስ መልካም ቃል ብቻ? ሦስተኛ፣ ዕቅዱ የተጻፈው ዛሬ ላለው ከተማና ሕዝብ ነው ወይስ ድሮ ለነበረው? አራተኛም፣ ጉድለት ሲነገር በስንት ቀን ውስጥ፣ ማን በፊርማው መልስ ይሰጣል?

ምክር ቤትና ከንቲባ ታላላቆቹን ገንዘቦች ይፈቅዳሉ፤ ታላላቆቹንም ጥያቄዎች ይጠይቃሉ። ነገር ግን ጥያቄው ወደ ላይ እንዲደርስ ከታች የሚያነሣው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ አለቃ አይደለም። ካርድ የሚያነብ፣ ቁልፍ የሚቆጥር፣ ጉድጓዱ መድረቁን አይቶ ማስታወሻ የሚጽፍ ሠራተኛ ነው። ማስታወሻው መልስ ባያገኝ ሁለተኛ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ባይሰማ ሦስተኛ። ሳሊቫን እንዲህ አደረገ፤ በጊዜው አልተሰማም፤ የጻፈውና የተናገረው ግን ከእርሱ በኋላ ለተነሡት መንገድ ሆነ፤ በ1989ም ማሪና በዚያው መንገድ ዳነች።

ነገ ጠዋት ወደ ቢሯችሁ ስትገቡ፣ ወንበራችሁን ከመሳባችሁ በፊት በግድግዳው ላይ ያለችውን ካርድ አንብቡ። ቀኑ ካለፈ ዝም አትበሉ። ቅጠሉ እርጥብ መሆኑ የሚታየው ሳይቃጠል ነውና።